ትእዛዝ ወይስ አደራ? የቪየናው ዩደንፕላትስ መታሰቢያ

አንድ ከተማ ወይም ሙዚየም ስለ አይሁዳውያን ሕይወትና ሞት የሚናገር የጥበብ ሥራ ለዘመናችን ሠዓሊ ወይም ቀራፂ ሲሰጥ፣ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው ወይስ አደራ? ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይመስለኝም። ትእዛዝ የሚፈለገውን ነገር አስቀድሞ ይወስናል። አደራ ግን ተቀባዩን ያምናል፤ ሰጪውንም ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም።

የቪየናው ዩደንፕላትስ፣ ማለትም የአይሁዳውያን አደባባይ፣ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በናዚዎች ለተገደሉት የኦስትሪያ አይሁዳውያን በዚያ መታሰቢያ እንዲቆም ሐሳቡን ያቀረቡት ከእልቂቱ የተረፉት ሲሞን ቪዘንታል ሲሆኑ፣ በውድድር የተመረጡት ደግሞ እንግሊዛዊቷ ቀራፂ ሬቸል ዋይትሬድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንዲመረቅ የታሰበው ሥራ እስከ 2000 ዘገየ። ከአደባባዩ ሥር በ1421 የፈረሰ ምኩራብ መሠረት በቁፋሮ በመገኘቱ፣ ፍርስራሹ ራሱ በቂ መታሰቢያ ነው የሚሉ ተነሡ። የአካባቢው ነጋዴዎችም ገበያችን ይጎዳል ሲሉ ተቃወሙ።

ሥራው ከኮንክሪት የታነፀ፣ የማይገባበት ቤተ መጻሕፍት ነው። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት መጻሕፍት ርእስ የሚጻፍበት ጎናቸው ወደ ውስጥ ስለ ዞረ፣ ለተመልካች የሚታየው የገጾቻቸው ጠርዝ ብቻ ነው። መዝጊያው እጀታ የለውም። መጽሐፍን የማንነቱ ምሰሶ ላደረገ ሕዝብ ከዚህ የበለጠ የጉድለት ምስል ማሰብ ይከብደኛል። ሥራው አያጽናናም፤ የሟቾችንም ፊት አያሳይም።

እንዲህ ያለው ዝምታ ጎብኚውን ካለ ዕውቀት ይሸኘዋል የሚለው ትችት ክብደት አለው። ሆኖም በዩደንፕላትስ ዝምታው ብቻውን አልተተወም። በዚያው አደባባይ የተከፈተው የቪየና አይሁዳውያን ሙዚየም ቅርንጫፍ የምኩራቡን መሠረት ለጎብኚ ያሳያል፤ ከ65,000 በላይ የሚሆኑትን ሟቾች የሚመለከተው ጥናትም በዚያ ቀርቧል። ከላይ የማይከፈት በር፣ ከታች የተገለጠ መሠረት አለ። ሙዚየሙ የማስረዳትን ሸክም ስለ ተሸከመ ቀራፂዋ በሐውልት ትምህርት እንዲሰጡ አልተገደዱም። አደራ ሰጪው የራሱን ድርሻ የሚወጣው እንዲህ ነው እላለሁ።

ስለዚህ የሥራ መግለጫ የሚያረቅቅ ሙዚየም ቦታውን፣ ሰነዱንና በቂ ጊዜ ይስጥ፤ ጎብኚው ሊሰማው የሚገባውን ስሜት ግን አይደንግግ። ነገሩ እኛን የዩኒቨርሲቲ ሰዎችንም በቅርብ ይመለከተናል። የዚያ የፈረሰ ምኩራብ ድንጋይ ለቪየና ዩኒቨርሲቲ ግንባታ ውሏልና። የዕውቀት ቤት በሌላው የጸሎት ቤት ፍርስራሽ ሊታነፅ እንደሚችል የሚያስታውስ ሥራ ለጌጥ አይታዘዝም።