ገጽ፣ ጠርዝና ጫፍ

ፊደል ቆጥራችኋል፤ ቁጥርም ጽፋችኋል። ዛሬ ደግሞ በእጅ የሚዳሰስ ዕቃ እንቆጥራለን። ይህ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። እኛ የምናስተምራቸው ሰዎችም እንደዚያው ብለው ነበር። በኋላ ግን ስለ አንድ አሞሌ ጨው ሁለት ማታ ሙሉ ተከራከሩ።

በመጀመሪያ ሦስት ቃላት እንያዝ። አሞሌው እንደ ጡብ ሆኖ የተጠረበ ነው እንበል። መዳፍ የሚያርፍበት ልሙጥ ጎን «ገጽ» ይባላል። ሁለት ገጾች የሚጋጠሙበት መሥመር «ጠርዝ» ነው። ጠርዞች የሚገናኙበትን ሹል ቦታ ደግሞ «ጫፍ» እንበለው።

ገጹን ሁሉም ወዲያው ቆጠሩት። ላይና ታች፣ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ፤ በጠቅላላው 6። ክርክር የመጣው በጠርዙ ነው። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ «ገጹ 6 ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ 4 ጠርዝ አለው። 4 ጊዜ 6፣ 24 ነው» አለ። ጨውን በእጃቸው ይዘው የቆጠሩት ግን 12 ብቻ አገኙ። ታዲያ ማን ልክ ነው?

መልሱን የሰጡን አንዲት እናት ናቸው። «የእኔና የጎረቤቴ ማሳ በአንድ ወሰን ይገናኛል። እኔም ወሰኔ እላለሁ፤ እሱም ወሰኔ ይላል። ወሰኑ ግን አንድ ነው እንጂ ሁለት አይደለም እኮ!» አሉ። ነገሩ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ጠርዝ የሁለት ገጾች ወሰን ስለሆነ፣ በ24ቱ ውስጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። 24 ለ2 ሲካፈል 12 ይሆናል። ጫፉም እንዲሁ ነው። በአንድ ጫፍ ላይ 3 ገጾች ይገናኛሉ። 24 ለ3 ሲካፈል 8 ይሆናል። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ከሰማነው ማብራሪያ የእናታችን ይሻላል ብንል አላጋነንንም።

ከተማሪዎቻችን መካከል በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ጨው በአህያ ጭነው ገበያ ለገበያ የዞሩ አንድ አባት አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። የጤና ጣቢያው ሰው የዓይን ሞራ ነው ብሏቸዋል። ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነገር ነው፤ ተራቸውን እየጠበቁ ነው። በዚያ ሰሞን ግን፣ «ልጆቼ፣ ሰሌዳው ጉም ሆነብኝ። ቦታዬን ለሚያይ ሰው ልልቀቅ» ብለውን ነበር። ምን ብለን እንደምናስቀራቸው ጨንቆን ነበር።

አሞሌው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሳቸው ዘንድ ደረሰ። አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱ። «ከላይ 4፣ ከታች 4፣ የቆመው 4» አሉ። ከክፍሉ ሁሉ ቀድመው 12 ያሉት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ሰሌዳ ማየት አላስፈለጋቸውም።

ቀጥለውም፣ «የተሸረፈ አሞሌስ?» አሉን። የነጋዴ ጥያቄ ነው። አሞሌ እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት ዘመን የተሸረፈው ዋጋው ይወርድ ነበር። ቢላዋ አስመጥተው አንዱን ጫፍ ቆረጡት። በተቆረጠው ቦታ ባለ ሦስት ጎን አዲስ ገጽ ወጣ። እንደገና ቆጠርን። ገጹ 7 ሆነ። አንድ ጫፍ ጠፍቶ በምትኩ 3 ስለመጡ፣ ጫፉ 10 ሆነ። ጠርዙም 3 ጨምሮ 15 ሆነ።

አሁን ልብ በሉ። ሙሉው አሞሌ ገጽና ጫፉ ሲደመር 14 ነው፤ ጠርዙ 12 ነው። ልዩነቱ 2። የተሸረፈው 17 እና 15 ነው። ልዩነቱ አሁንም 2! በግብፅ አገር በጊዛ ያሉት ፒራሚዶች መሠረታቸው ባለ 4 ጎን ነው። 5 ገጽ፣ 5 ጫፍና 8 ጠርዝ ስላላቸው የእነሱም ልዩነት 2 ነው። እንስራ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ድቡልቡል ስለሆነ ጠርዙ የታለ? መካከሉ ወዲያና ወዲህ የተበሳ ዕቃም ከዚህ ደንብ ውጭ ነው።

ይህን ደንብ ለወዳጁ በደብዳቤ የገለጸው ሌዎናርድ ኦይለር የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ ነው። ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር 1750 ነው። ያን ጊዜ የአንድ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቶ ነበር። ከ1766 በኋላ ሁለተኛውም ጠፋ። እሱ ግን በቃሉ እየተናገረ ሌሎች እየጻፉለት፣ በ1783 እስኪሞት ድረስ ሥራውን አላቆመም። ይህን ለአባታችን ስንነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ፣ «ጸሐፊዎቹን ማን ይቀልባቸው ነበር?» ብለው ጠየቁን።

ቦታቸውን አልለቀቁም። ፊደሉን በእርጥብ ጭቃ እየሠራን በጣታቸው እየዳሰሱ ይማራሉ። እስካሁን «መ» ላይ ደርሰዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ፣ «የአሞሌውን ስምንቱንም ጫፍ ብቆርጠውስ?» አሉን። ክፍሉ ገና እየቆጠረ ነው። እናንተም ሞክሩት። ለጨው ከሳሳችሁ ድንች በቢላዋ ጠርባችሁ ቁጠሩ።