የግቢያችን ቆጣሪና አዲሱ ቴሌቪዥን

በአንድ ግቢ ውስጥ የመብራት ሂሳብ ሲጨምር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቅርቡ የተገዛው ዕቃ ነው። የቆየው ዕቃ ተለምዷልና ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ዛሬ ዛሬ ደግሞ በየቤቱ የሚገባው አዲስ ዕቃ ስማርት ቴሌቪዥን ሆኗል። እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ኃይል በሰዓት ሲባዛ ፍጆታን እንደሚሰጥ ገና በመጀመሪያው ዓመት ተምረን ፈተናውንም አልፈናል። ይህችው ቀላል ቀመር ከደብተር ወጥታ የሰው ጠብ ስታበርድ ያየሁት ግን ባለፈው ዓመት በምኖርበት ግቢ ነው። ለትምህርት ክፍላችን አንባብያን ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

የምኖርበት ግቢ አምስት ተከራይ አለው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ብቻ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ አከራያችን እማማ በአምፖልና በዕቃ ቁጥር ያካፍሉታል። ከጎኔ ያለችው ጎረቤቴ ጉሊት ሸጣ ሁለት ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ዕቁብ ሲደርሳት 43 ኢንች ስማርት ቴሌቪዥን ገዛች። ልጆቹ ሰው ቤት እየሄዱ በር ላይ ቆመው ማየታቸው ስለሚያንገበግባት ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ የግቢው ሂሳብ ከፍ ብሎ መጣ። እማማም «የጨመረው የዚህ ሰፊ ቴሌቪዥን ነው፤ ከእንግዲህ በወር 400 ብር ለብቻሽ ትጨምሪያለሽ» አሏት። እሷ ደግሞ «ሻጩ ኤል ኢ ዲ ስለሆነ ምንም አይበላም ብሎኛል» ብላ ተከራከረች። «ታዲያ ቆጣሪው ሊዋሽ ነው?» አሉ እማማ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ። ጎረቤቴም አንድ ቀን ማታ ጠርታኝ «ወንድሜ፣ እስቲ የሚገዛ ሰው ፈልግልኝ፤ ልሸጠው ነው» አለችኝ። ትልቁ ልጇ አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

እኔም «ከመሸጥሽ በፊት እንለካው» አልኳት። ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አብዛኞቹ ዲጂታል ቆጣሪዎች ፊታቸው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለቻቸው። አጠገቧም ስንት ጊዜ ብልጭ ስትል አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንደሚሞላ ተጽፏል። የእኛ ቆጣሪ 1600 ይላል። እንግዲህ አንዲት ብልጭታ 0.625 ዋት ሰዓት ናት ማለት ነው። በ15 ደቂቃ ውስጥ የታየውን ብልጭታ ቆጥሮ በ2.5 ማባዛት ዕቃው በአማካይ ስንት ዋት እየወሰደ እንደሆነ ይነግረናል። በራሳችሁ ቆጣሪ ላይ ያለው ቁጥር 1000 ወይም 3200 ከሆነ ማባዣው ይለያያል፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ተከራዩን ሁሉ አስፈቅደን ፍሪጅም ሳይቀር በግቢው ያለውን ዕቃ በሙሉ ነቀልን። እማማ ወንበራቸውን አስወጥተው ከቆጣሪው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ትልቁ ልጅ ለእያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ጠጠር ወደ ጣሳ ይጥላል፤ እኔ ሰዓት እይዛለሁ።

መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ብቻ፣ ሱቅ ውስጥ እንደነበረ ሳንነካካው ከፈትነው። በ15 ደቂቃ 38 ጠጠር ተቆጠረ፤ 95 ዋት ማለት ነው። ቀጥሎ የምስሉን ዓይነት ስንመለከት «ቪቪድ» በሚባለው ላይ ተቀምጧል። ይህ ብዙ ብርሃን ባለበት የሱቅ መደርደሪያ ላይ የገዢን ዓይን ለመሳብ የሚመች አቀማመጥ ነው። ለአንዲት ክፍል ቤት ይህን ያህል ድምቀት አያስፈልግም። ወደ «ስታንዳርድ» ቀይረን ባክላይቱን ልጆቹ ምስሉን በደንብ እስከሚያዩበት ድረስ ቀነስነው። በ15 ደቂቃ 24 ጠጠር፣ ማለትም 60 ዋት ሆነ። ከሲሶ በላይ ቀነሰ ማለት ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ለውጡን ከአምስት ደቂቃ በኋላ ረሱት።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኤል ኢ ዲ ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሠራው ፓኔል ራሱ ብርሃን አያመነጭም። ከኋላው የተደረደሩ ትንንሽ መብራቶች ያበራሉ፤ ፓኔሉ ደግሞ እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። አብዛኛው ኃይል የሚሄደው ለእነዚያ መብራቶች ነው፤ ድምፁና ውስጡ ያለው ኮምፒውተር የሚወስዱት ከዚያ ያንሳል። ይህንንም አረጋግጠናል። ከዩቲዩብ መዝሙር ከፍተን «ስክሪን ኦፍ» የሚለውን ስንጫን ድምፁ እየተሰማ በ15 ደቂቃ 6 ጠጠር ብቻ ወደቀ፤ 15 ዋት። ኦሌድ በሚባሉት ቴሌቪዥኖች ግን እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ስለምታበራ ጥቁር የበዛበት ምስል ትንሽ፣ ነጭ የበዛበት ብዙ ይወስዳል።

እስከዚህ ድረስ ጎረቤቴ ደስ ብሏታል። ነገር ግን «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይባል የለ? ቴሌቪዥኑን በሪሞት አጠፋንና ለአንድ ሰዓት ያህል ቆጣሪውን ተመለከትን። ጠፋ የተባለው ቴሌቪዥን በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ጊዜ ብልጭ አስደረገ። 12.5 ዋት ነው። «እንዴ! ጠፍቶም ይበላል?» አሉ እማማ። ምክንያቱን ስንፈልግ በሴቲንጉ ውስጥ «ኩዊክ ስታርት» የሚባለው ክፍት ሆኖ ተገኘ። ይህ አገልግሎት ቴሌቪዥኑ በሪሞት ሲነካ ሳይዘገይ እንዲከፈት ኮምፒውተሩን በከፊል ነቅቶ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ዘጋነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድም ብልጭታ አልታየም። በርግጥ ይህ ፍጆታው ዜሮ ሆነ ማለት አይደለም፤ ቆጣሪ ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ጭነት አይመዘግብም። ለማነጻጸር ያህል የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የቴሌቪዥን ተራ ስታንድባይ ከ0.5 ዋት እንዳይበልጥ ያዛል።

ሌላው ስንጥር የዲሹ ሪሲቨር ነበር። ብቻውን ስንሰካው በ15 ደቂቃ 4 ጠጠር፣ 10 ዋት። በሪሞት ስናጠፋው ፊቱ ላይ ያለው ቁጥር ወደ ሰዓት ተቀየረ እንጂ የጠጠሩ ቁጥር ያው 4 ሆነ። ማንም ሰው ከሶኬት ነቅሎት ስለማያውቅ 24 ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ከርሟል።

እንግዲህ ልጆቹ በቀን በአማካይ 5 ሰዓት ያያሉ ብለን ለ30 ቀን እናስላ። በፊት በነበረው ሁኔታ ለማየት 14.25፣ ጠፍቶ ሲጠብቅ 7.1፣ ሪሲቨሩ 7.2፤ በድምሩ 28.6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ማንም ሳያይ ያለቀ ነው። ምስሉን ካስተካከልን፣ ኩዊክ ስታርቱን ከዘጋንና ሪሲቨሩን ካላዩበት ሰዓት ከነቀልን ግን ለቴሌቪዥኑ 9፣ ለሪሲቨሩ 1.5፤ በድምሩ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ልጆቹ ከሚያዩበት ሰዓት አንዲት ደቂቃ አልተቀነሰችም።

ስለዚህ «ምንም አይበላም» ያለው ሻጭም፣ «የጨመረው ሁሉ የሱ ነው» ያሉት እማማም ከእውነቱ ርቀው ነበር። የፊቱን 28.6 እንኳ በደረሰኙ ላይ በነበረው ዋጋ ብናባዛው የ400 ብሩን ግማሽ አልሞላም። ታዲያ ቀሪው ከየት መጣ? አንደኛው ታሪፉ ራሱ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር የተወሰነ ስለሆነ፣ ፍጆታ ባይጨምርም ሂሳብ ይጨምራል። ሁለተኛው የቆጣሪው አንድ መሆን ነው። በቤት ታሪፍ ትንሽ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ዝቅተኛ ነው፤ የፍጆታው ደረጃ ከፍ ሲል ዋጋውም ከፍ ይላል። አምስት ድሃ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ይደመርና እንደ አንድ ባለጸጋ ቤት ይቆጠራል። በእንዲህ ያለ ግቢ አንዱ የሚያባክነውን ሌላውም ይከፍልለታል።

ሦስተኛውን እማማ ራሳቸው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ምጣዱስ?» አሉ። ግቢው በጋራ የሚጋግርበትን ምጣድ ሰካነው። ጠጠር መጣል አልተቻለም፤ መብራቷ በጣም ትፈጥናለች። በአንድ ደቂቃ 93 ብልጭታ ቆጠርኩ፤ ወደ 3.5 ኪሎዋት ነው። ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የተስተካከለው ቴሌቪዥን የአንድ ወር ፍጆታ የሦስት ሰዓት ምጣድ ነው ማለት ነው። ይህን ያልኩት እንጀራን ለመክሰስ አይደለም፤ እንጀራ የሁላችንም ነው። ነገር ግን ክስ ሲቀርብ ሁሉም ተከሳሽ ይሰማ ለማለት ነው። እማማ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «በይ ልጄ፣ 400ው ይቅር። በጠጠሩ ልክ ትከፍያለሽ» አሏት። ቴሌቪዥኑም ሳይሸጥ ቀረ።

በዚህ መነሻነት በቤታችሁ ልታደርጓቸው የምትችሉትን በአጭሩ ላስቀምጥ።

1ኛ. ምስሉን ከ«ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» ወደ «ስታንዳርድ»፣ «ሲኒማ» ወይም «ኢኮ» ቀይሩ፤ ባክላይቱንም ለክፍላችሁ በሚበቃ ልክ አድርጉ። መጀመሪያ ሲከፈት «ሆም» ወይስ «ስቶር» ብሎ ከጠየቀ «ሆም» በሉት።

2ኛ. «ኩዊክ ስታርት» ወይም «ኢንስታንት ኦን» የሚለውን ዝጉ። የምታጡት ሲከፈት የምትጠብቋቸውን ጥቂት ሴኮንዶች ነው።

3ኛ. ቴሌቪዥኑንና ሪሲቨሩን ማብሪያ ማጥፊያ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክታችሁ ስትተኙ ከዚያ አጥፉ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከሚፈጠረው የቮልቴጅ መዋዠቅም ዕቃችሁን ትጠብቁበታላችሁ። ብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች የዲሽ መቀበያ በውስጣቸው ስላላቸው የዲሹን ገመድ በቀጥታ መሰካት ከተቻለ ሪሲቨሩ ጭራሽ አያስፈልግም።

4ኛ. ሙዚቃ፣ መዝሙር ወይም ዜና ለመስማት ብቻ ከሆነ ስክሪኑን አጥፉት። እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ ደግሞ «ስሊፕ ታይመር» ሙሉ።

5ኛ. የምትገዙ ከሆነ ለክፍላችሁ የሚበቃውን ስፋት ምረጡ፤ ስክሪኑ በሰፋ ቁጥር የሚበራው ቦታ ይሰፋል። ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩት ላይ እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ከኤ እስከ ጂ ደረጃ የሚሰጥ ምልክት ይለጠፋል፤ በ1000 ሰዓት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚወስድም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ኤች ዲ አር ለሚባለው ደማቅ ምስል የተጻፈው ቁጥር ለብቻው ነው፤ እሱንም እዩት።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ በየተከራየንበት ግቢ እንዲህ ያለ ክርክር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙውን ጊዜ የሚሸነፈው ብዙ መብራት የተጠቀመው ሳይሆን መልስ መስጠት ያልቻለው ነው። እኛ ደግሞ መልሱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ዕውቀት አለን፤ ቀሪው አንድ ሰዓት፣ አንድ ጣሳና ጠጠር ነው። እስቲ በዚህ ሳምንት መጨረሻ የግቢያችሁን ሰው አስፈቅዳችሁ ቆጣሪው ፊት ተቀመጡ። ያገኛችሁትንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሂሳብ ከሚያካፍለው ሰው እጅ አስቀምጡ።