ሞተሩ ያገሳል፣ ውሃ የለም

በምኖርበት የአሜሪካ ገጠር በፈቃደኝነት እሳት አጥፊ ነኝ። አንድ ሌሊት የጎረቤታችን የላም በረት ሲነድ ፓምፑን ኩሬ ዳር አቆምን። ሞተሩ ያገሳል፤ ውሃ ግን ጠብ አይልም። እኔ ነዳጅ ስጨምር አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ እጄን ያዙና «ተው! አየር እየሳበ ነው» አሉኝ።

እንዲህ ያለው ፓምፕ ሆዱ ውስጥ አየር ካለ ውሃ አይስብም፤ አስቀድሞ አየሩ ወጥቶ በውሃ መሞላት አለበት። የመሳቢያውን ቱቦ መጋጠሚያ ስንፈታው ጎማው ተሰንጥቋል። ለውጠን አጠበቅን፤ ውሃው መጣ። ላሞቹ ተረፉ፤ የበረቱ ጣሪያ ግን ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩን ከመውቀሴ በፊት ጎማውን፣ የማፍሰሻውን መዘጋት፣ የማጣሪያውን በውሃ መስጠም አያለሁ። ፓምፑም ከውሃው በላይ ከ7 ሜትር እንዳይርቅ እጠነቀቃለሁ፤ አየሩ በሳሳበት በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ማለት አለበት።

ወገኖቼ፣ ውሃ የሚያመጣው ጩኸቱ አይደለም።