የተቃጠለው ጥቅልልና የእኛ ሃርድ ዲስክ

እኛ በካሜራ ምክንያት የተዋወቅን ባልና ሚስት ነን። አንዳችን ስንቀርጽ ሌላችን ኤዲት እናደርግ ነበር። ከተጋባን በኋላም ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ የአጥቢያችን አምልኮ፣ በመሃል የመዝሙር ክሊፕ ነበር ኑሯችን። ስለ ኮምፒውተር የምናውቀው ቪዲዮ እንደሚቆርጥልን ብቻ ነው። የቀረጽነውን ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠን፣ ስሙን በእስክሪብቶ ጽፈንበት ቁምሳጥን ውስጥ እንደረድረዋለን።

ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ «አባባ» የሚል ተጽፎ ነበር። በአጥቢያችን ሁላችንም አባባ የምንላቸው አባት ነበሩ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉ ጊዜ መስኮት ዘግተው በቤታቸው ቅዱሳንን ያስጸልዩ ነበር፤ ስለዚህም ታስረዋል። ሦስት ሰዓት ያህል ምስክርነታቸውን ቀረጽንና «ጊዜ ስናገኝ እናቀናብረዋለን» አልን። ሠርግ ሠርግን እየተካ ጊዜው ሳይገኝ ቀረ።

አባባ ወደ ጌታ በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸው ደወለችልን። ልጆቿ የአያታቸውን ታሪክ ከራሳቸው አንደበት እንዲሰሙ ፈልጋ ነበር። ዲስኩን ሰካነው። ቀጭ ቀጭ አለና ዝም አለ። ወደ ጠጋኝ ወሰድነው፤ ውስጡ ተፍቋል፣ አይመለስም አለን። ሌላ ቅጂ አልነበረንም። ለልጃቸው ቤቷ ድረስ ሄደን ነገርናት። አልተቆጣችም። «ድምፃቸው ሌላ የትም የለም» ብላ አለቀሰች፤ አብረናት አለቀስን።

ወደ ሰርቨር ዓለም የገባነው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ከመርካቶ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛን፤ ሁለት አዳዲስ ዲስኮችና መብራት ሲጠፋ በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ የሚሰጠን ዩፒኤስ ጨመርንበት። ዴቢያን ጫንንበት፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት፣ በነጻ የሚገኝ ሲስተም ነው። ፋይል ለማስቀመጥና ለመጋራት ኔክስትክላውድን፣ ቪዲዮ በቤት ውስጥ ለማየት ጄሊፊንን አስገባን። ሁለቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ በሚሰጥበት ጥቁር ስክሪን ፊት ለእኛ ለምስል ሰዎች ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ቀስ በቀስ ወደድነው።

ሁለቱን ዲስኮች እንደ መስታወት አደረግናቸው፤ በአንዱ የተጻፈው በዚያው ቅጽበት በሌላውም ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። «ተጠበቅን» አልን። በኋላ ግን መስታወት ባክአፕ እንዳልሆነ ተማርን። ፋይሉን በስህተት ብንሰርዘው ከሁለቱም ላይ እኩል ይጠፋል፤ ሌባ ወይም እሳት ቢመጣም ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚባለውን ደንብ ያዝን፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከሦስቱ አንዱ ከቤት ውጭ። ይህን ደንብ ያስተዋወቀው ፒተር ክሮ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ መሆኑን ስናውቅ ፈገግ አልን። እርሱም እንደ እኛ የካሜራ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልንሰውር አንፈልግም። ሳጥኑ ልባችንን ወሰደው። ማታ 3 ሰዓት የቤታችን የጸሎት ሰዓት ነበር። «ይህችን ብቻ እናስተካክልና» እያልን 4፣ 5 ሰዓት ይሆናል፤ ልጃችን ሶፋ ላይ ይወስዳታል። አንድ ማታ ብቻዋን ተንበርክካ ስትጸልይ ሰማናት፦ «ጌታ ሆይ፣ ሳጥኑን ፈውስልን፤ እማዬና አባዬ እንዲመጡ።» የምንይዘው ጠፋን። የአንድን አባት ምስክርነት በማጣታችን የጀመርነው ሥራ፣ በገዛ ቤታችን ለልጃችን የምንመሰክርበትን ሰዓት እየበላብን ነበር።

በዚያ ሳምንት ኤርምያስ 36ን አብረን አነበብን። ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ የጻፈውን ጥቅልል ንጉሥ ኢዮአቄም በቢላ እየቀደደ፣ ምድጃው ውስጥ እየጣለ ሁሉንም አቃጠለው። ሌላ ቅጂ እንደነበረ አልተጻፈም። እግዚአብሔር ግን ኤርምያስን ሌላ ጥቅልል እንዲወስድ አዘዘው፤ ባሮክም እንደገና ጻፈ፤ በፊተኛው ላይ ብዙ ተመሳሳይ ቃል ተጨመረበት። ያው ኤርምያስ በምዕራፍ 32 በ17 ሰቅል ብር መሬት ገዝቶ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ውል ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ አስቀምጧል። ስለዚህ መጠንቀቅ እምነት ማጣት አይደለም። ይሁን እንጂ ቃሉን ያኖረው ሸክላው ወይም ጥቅልሉ ሳይሆን የተናገረው ጌታ ነው።

ይህ ሐሳብ ከእጅ አላቆመን። የአባባን ልጅ ይዘን አብረዋቸው የጸለዩትን ሰዎች ወደ ቤታችን ጠራን። ዘጠኝ ሰዎች መጡ። ቡና ተፈልቶ እያንዳንዳቸው የሚያስታውሱትን ተናገሩ፤ እኛም ቀረጽን። አንዲት እናት እስር ቤት ስንቅ ሲያመላልሱ ያዩትን አወሩ፤ አባባ ካሜራችን ፊት አንድም ቀን ያላነሱት ነገር ነበር። ልጃቸው ይህን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። የአባባን ድምፅ ግን አልመለስነውም። ያ ኪሳራ እስከ ዛሬ ያመናል፤ ሌላ ስም ልንሰጠው አንወድም።

ያ ምሽት ዛሬ በሦስት ቅጂ ተቀምጧል፤ አንዱ ሐዋሳ በዘመድ ቤት ነው። ሰርቨሩ ሌሊት ሥራውን ይሠራል፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግን ማንም አይነካውም። በዚያ ሰዓት ከአባባ ታሪክ አንዷን ለልጃችን እንነግራታለን፤ በማግስቱ እርሷ መልሳ ትነግረናለች። ዘዳግም 6 ለልጆች ስለ መንገር የሚለው ነገር አሁን በቤታችን ሌላ ትርጉም አለው።

ወገኖች ሆይ፣ በአጥቢያችሁ ካሉት አባቶችና እናቶች መካከል ምስክርነታቸው ያልተቀረጸ ስንት አሉ? ስልካችሁ ይበቃል፤ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ስትመለሱ ሁለተኛ ቦታ ገልብጡት፤ ማታውንም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ጌታ ሆይ፣ በእጃችን የሰጠኸንን በትጋት እንድንጠብቅ፣ ልባችንን ግን ለሳጥን እንዳንሰጥ እርዳን። አሜን።