ባልዲዋ ውስጥ የቀረችው በለስ

በለስ ለመትከል አስባችሁ ምክር የምትፈልጉ ከሆነ፣ አስቀድማችሁ መካሪያችሁን እወቁት። እኔ ከ4 ዓመት በፊት ለ9 ልጆች 9 የበለስ ችግኝ አድዬ፣ በልበ ሙሉነት አስተምሬ፣ አብዛኞቹን ያስገደልኩ መምህር ነኝ። አሁን የምነግራችሁን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ሰው ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች አስተምራለሁ። አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አማርኛ ይሰማሉ፣ ሲመልሱ ግን በእንግሊዝኛ ነው። በዚያ ሜይ ወር የምናጠናው ሉቃስ ምዕራፍ 13 ላይ ያለውን የበለስ ምሳሌ ነበር። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣባት ትቆረጥ ይላል። አትክልተኛው ደግሞ ዙሪያዋን ሊቆፍርላት፣ ፍግ ሊያደርግላት፣ አንድ ዓመት ይለምንላታል።

"በለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዷ አዲስ አበባ ለእረፍት ሄዳ የበላችውን እሾሃማ ፍሬ ጠራች። አልተሳሳተችም፤ በክረምት በየመንገዱ ዳር እየተላጠ የሚሸጠውን የቁልቋል ፍሬ እኛም በለስ ነው የምንለው። ሌላው "አዳም የበላት ናታ!" አለ። ዕፀ በለስን ከአያቱ ሰምቶ ነው። (ዘፍጥረት ግን በለስን የሚያነሳው ቅጠሏ ተሰፍቶ ስለመለበሱ እንጂ ፍሬዋ ስለመበላቱ አይደለም።) ዘኬዎስ የወጣባት ሾላና እኛ አገር ገበያ የሚቆምባት ዋርካ የበለስ የቅርብ ዘመዶች መሆናቸውን ስነግራቸው ማንም አልተገረመም፤ ሾላንም ዋርካንም አያውቋቸውማ። ያን ቀን ነው እውነተኛዋን በለስ በእጃቸው ላስይዛቸው የወሰንኩት።

ከችግኝ መሸጫ 9 ገዛሁ። እያንዳንዷ ጉልበት ድረስ የምትደርስ፣ በትንሽ የፕላስቲክ ማሰሮ ያለች፣ "ቺካጎ ሃርዲ" የምትባል ዓይነት ናት። ሃርዲ ማለት ጠንካራ አይደል? ስሟን አምኜ ብርድ አይነካትም ብዬ ደመደምኩ። ልጆቹን ሰብስቤ "ቤታችሁ ውሰዷት፣ ዛሬውኑ መሬት ትከሏት፣ ሥር ትስደድ" አልኳቸው። እዚያ ላይ ብቆም ደግ ነበር። መምህር ነኝና ጨመርኩበት፤ "ይህቺ ዛፍ እንዳደገች እምነታችሁም ያድጋል" አልኩ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። የሚኖሩት አፓርታማ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መሬት የላቸውም። አዘንኩላት። "ለጊዜው በባልዲ አድርጊያት" አልኳት፣ የተረፈ ምግብ እንደሚሰጥ ሰው።

ክረምቱ መጣ። ሜሪላንድን ለማታውቁ፣ ብርዱ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ የዚያ ዓመቱ ክፉ ነበር። በለስ ደግሞ የምዕራብ እስያና የሜዲትራንያን ዳርቻ ልጅ ናት። ብርድ ሲመጣ ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች። ያደገችና ግንዷ የጠነከረ ከሆነች በእንቅልፏ ብዙ ትችላለች። ሆኖም ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች ወደ 12 ሲወርድ፣ ጠንካራ የሚባሉት ዓይነቶች እንኳን ከአፈር በላይ ያለው እንጨታቸው ሊሞት ይችላል። የአንድ ዓመት ችግኝ ገና ለስላሳና ውሃ የሞላው ነው፤ ለእሱ ከዚያ ያነሰ ብርድም ይበቃዋል። እኔ ደግሞ ይባስ ብዬ ሴፕቴምበር ላይ ለሁሉም ማዳበሪያ አድዬ ነበር። ማዳበሪያ በበጋው ማብቂያ ሲሰጣት ለመተኛት በምትዘጋጅበት ሰዓት አዲስ ቅርንጫፍ ታወጣለች፤ ያ ለጋ ቅርንጫፍ ነው መጀመሪያ የሚመታው።

ኤፕሪል ሲገባ መሬት የተተከሉት 8ቱም ደረቅ እንጨት ሆነው ነበር። ቅርንጫፋቸው ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ልጆቹ ሲነግሩኝ "አይዟችሁ፣ ሌላ እንገዛለን" አልኩ። ይህን ያልኩት አንድ ዓመት ተዋት የሚለውን ምሳሌ ባስተማርኩበት አፌ ነው።

ያኔ ያላወቅኩት ይህን ነው። በለስ ከላይ ሞታ ከታች ልትኖር ትችላለች። ሥሯ ከተረፈ ከአፈር ሥር እንደገና ታበቅላለች፤ ግን አትቸኩልም። ሜይ መጨረሻ፣ አንዳንዴም ጁን ላይ ነው ብቅ የምትለው። ሌላው ዛፍ ሁሉ ለምልሞ እሷ ብቻ ደረቅ ዱላ ሆና ስትቆም ሰው ተስፋ ይቆርጥና ይነቅላታል። ከ8ቱ 4ቱ በዚህ መንገድ ተነቀሉ። ካልተነቀሉት ከ4ቱ 3ቱ ጁን ላይ አበቀሉ።

እኔማ በደስታ ሰከርኩ! እሑድ ክፍል ገብቼ የ3ቱን ፎቶ በስክሪን አሳየሁ፣ ሃሌ ሉያ አስባልኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነስቶ ወጣ። ሽንት ቤት መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም።

ነገሩን የነገረችኝ እናቱ ናት። ልጁ 14 ዓመቱ ነበር፤ ከእናቱና ከአያቱ ጋር ይኖራል። ችግኟን የተከላት ከአያቱ ጋር ነው፣ በሩ አጠገብ። ዲሴምበር ላይ አያቱ በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ያቺን ዓረፍተ ነገሬን አስታውሱ፤ ዛፏ እንዳደገች እምነታችሁ ያድጋል ያልኳትን። ልጁ የራሱን ጨመረበትና ዛፏ ከክረምት ከወጣች አያቴም ትወጣለች ብሎ ከእግዚአብሔር ጋር ተዋዋለ። ኤፕሪል ላይ አያቱ ወደ ቤት ይመለሳሉ ሲባል፣ በማግስቱ በሩ ላይ ደርቃ እንዳያዩአት ሌሊት ነቅሎ የአትክልት ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨመራት። አያቱ ተመለሱ። እሱ ግን ዛፏን በገዛ እጁ የገደላት ስለመሰለው ከዚያ እሑድ በኋላ ክፍል አልመጣም።

ቅዳሜ ሄድኩ። አያቱ ሶፋ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። "እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ብዬ ጀመርኩ።

"ሆስፒታል ተኝቼ 'ችግኟ እንዴት ናት?' እለው ነበር" አሉኝ። "'ደህና ናት' ይለኛል። ደህና አለመሆኗን ከድምፁ አውቄዋለሁ። ለኔ ብሎ ነው የሚዋሸው ብዬ ዝም አልኩት።" ትንሽ ቆዩና ወደኔ ዞሩ። "አንተስ ልጄ፣ ምን ነካህ? እኔ ያደግኩት ጅማ ነው። ቡና ስንተክል ችግኙን መጀመሪያ መደብ ላይ፣ ጥላ ሥር ነው የምናሳድገው። እስኪጠነክር ይጠበቃል፣ ዝናብ ሲገባ ነው ወደ ማሳው የሚሄደው። ከሱቅ አምጥቶ ሜዳ ላይ መጣል የት ተማርክ?"

መልስ አልነበረኝም። ልጁ ከፎቅ ወረደ፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ እንጂ ወደ ሳሎን አልገባም። በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ባትነቀል ኖሮ ታበቅል ነበር ወይ? አላውቅም አልኩት። እውነት ነው፣ ከ4ቱ አንዷ አላበቀለችም፤ የሱ ከየትኞቹ ወገን እንደነበረች ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቀጠለና ካላወቅህ ለምን አስተማርከን አለኝ። ይህንንም ዝም ብዬ ሰማሁት። የዛፍ ዕጣ የአያቱ ሕይወት ምልክት እንዳልሆነ፣ የእምነቱም መለኪያ እንዳልሆነ፣ ያቺን ነገር መናገር እንዳልነበረብኝ ነገርኩት። ይቅርታ ጠየቅኩት። በሚቀጥለው እሑድ በክፍሉ ልጆች ሁሉ ፊት ደገምኩት። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን እንዳላነሳ አስጠንቅቆኛል።

የባልዲዋስ? ልጅቷ ኖቬምበር ላይ አጎቷ ጋራዥ አስገብታት ረስታታለች። እያፈረች ነው የነገረችኝ፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ያጠጣቻት 3 ጊዜ ብቻ ነው። ለካ ትክክለኛው አያያዝ ይኸው ኖሯል! ቅጠሏን ያራገፈች በለስ ብርሃን አያስፈልጋትም። ማሞቂያ የሌለው፣ ግን ክፉ ብርድ የማይገባበት ጨለማ ክፍል ይበቃታል። አፈሩ ጨርሶ አመድ እንዳይሆን በወር አንዴ ገደማ ትንሽ ውሃ ከተሰጣት እስከ ኤፕሪል ትተኛለች። ያቺ ዛፍ በሴፕቴምበሩ 7 ፍሬ አበሰለች። አንዱን አቀመሰችኝ፤ እንደ ማር ነው። (ፍሬው አንገቱን ደፍቶ ሲለሰልስ ብቻ ቁረጡት፤ በለስ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም።)

እንግዲህ ባልዲ ወይስ መሬት ለምትሉኝ፣ ብርድ ባለበት አገር ላላችሁ መልሴ መጀመሪያ ባልዲ ነው። ባለ 5 ጋሎኑ ባልዲ፣ ወደ 19 ሊትር የሚይዘው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ታቹን በመሰርሰሪያ በደንብ ብሱት፤ ውሃ የሚያቁር ባልዲ ሥሯን ያበሰብሳል። የግቢ አፈር አትሙሉበት። እዚህ ያለው ቀይ ሸክላ አፈር ባልዲ ውስጥ ጡብ ይሆናል፤ ለማሰሮ ተብሎ የሚሸጠውን ቀለል ያለ አፈር ግዙ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። በበጋ ባልዲው ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከታችሁ እዩ። ማዳበሪያ ከጁላይ በኋላ አቁሙ፤ በበጋውም ቢሆን ሲበዛባት ቅጠል እንጂ ፍሬ አታሳያችሁም። ስትቆርጧት የሚወጣው ነጭ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ በተለይ ፀሐይ ሲያገኘው፤ ጓንት አድርጉ። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡ፣ እናንተ እንዲህ ያለ ክረምት የለባችሁም። የናንተ ጠላት ሐምሌና ነሐሴ ውሃ የሚያቁረው ጥቁር አፈር ነው። ግን የኪራይ ቤት ከሆነ ባልዲው ለናንተም ይበጃል፤ ስትለቁ ይዛችኋት ትወጣላችሁ።

መሬት የምትወርደው ከአንድ ወይም ሁለት ዓመት በኋላ፣ ግንዷ እንጨት ሲሆን፣ ሜይ ላይ ነው። ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር ብትሆን ሙቀቱን ይቆጥብላታል። በባልዲው ቅርጽ የተጠማዘዙትን ሥሮች በእጃችሁ ፍቱ፤ እምቢ ካሉ ቁረጧቸው። ባልዲው ውስጥ ከነበረችበትም ጥቂት ጣት ያህል ጠልቃ ትተከል። ከላይ ብትሞት እንኳን ከአፈር በታች የምታበቅልበት ግንድ እንዲኖራት ነው።

ልጁ ወደ ክፍል የተመለሰው ከ2 ወር በኋላ ነው። በቀጣዩ ፌብሩዋሪ፣ ዛፏ ተኝታ ሳለ፣ ልጅቷ ከባልዲዋ በለስ 4 ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጠችው፤ የእርሳስ ውፍረት፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ። እርጥብ አፈር ውስጥ ሰክቶ ማቀዝቀዣው አናት ላይ፣ ሙቀት ባለበት አስቀመጣቸው። 2ቱ በሰበሱ፣ 2ቱ ሥር አወጡ። እኔ አልነካኋቸውም። ዓመት ከምናምን በባልዲ አሳደጋቸውና ባለፈው ሜይ አንዷን መሬት ልናወርዳት ተሰበሰብን። እማማ ወንበር በር ላይ አስወጥተው፣ ጉድጓዱ ጠባብ ነው፣ አሁን ደግሞ ሰፋ እያሉ ሲያዙ ዋሉ። ሁለተኛዋንም ልንተክላት ስንል "እሷ ባልዲዋ ውስጥ ትቆይ" አሉ። ሁለታችንም አልተከራከርንም።

ዘንድሮ ኤፕሪል ላይ ደወለልኝ። አሁን 18 ሆኗል፣ ድምፁ ወፍሯል። መሬት ያለችዋ ከላይ ደርቃለች አለኝ። ክረምቱን በገለባና በጆንያ ጠቅልሏት ነበር፤ ቢሆንም ደርቃለች። ደነገጥኩና አካፋው የት እንዳለ ጠየቅኩት።

"አያቴ ደብቃዋለች" አለኝ። "ጁን እስኪያልቅ አልሰጥህም ብላለች።"