ፋይሉ እስኪገኝ

ዛሬም አልተገኘም።

አዎ፣ ያው ፋይል ነው፤ የአባዬ የቤት ፋይል። «ደረሰልሽ ወይ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ሁሉ፣ አልደረሰልኝም። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የመሥሪያ ቤቱ መስኮት ጋ ጎንበስ ብዬ የአባዬን ስም ተናገርኩ፣ «ቁጭ ብለሽ ጠብቂ» ተባልኩ፣ ቁጭ አልኩ። ዛሬ ግን ባዶ እጄን አልሄድኩም። ማታ እህቴ ቤት ዋይፋይ ላይ ስምንት ክፍል አውርጃለሁ። የምን እንደሆነ ለምታውቁኝ መንገር አያስፈልግም። «ሪያሊስት ሂሮ» የሚባለው አኒሜ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ትንሽ እንደሄድኩ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ስልኬ ዘንበል አሉ።

«ይሄ ልጅ ማነው?»

«ንጉሥ ነው፣ እማማ።»

«ይሄ? ጢም እንኳን የለው!»

«ተማሪ ነበር። ከሌላ ዓለም ጠርተው አመጡትና ሽማግሌው ንጉሥ ወዲያው ዙፋኑን ለቀቀለት።»

«ታሞ ነው?»

«አይ፣ ደህና ነው። ይሄ ልጅ ይሻላል ብሎ ነው።»

እማማ ዝም ብለው አሰቡ። «እሱ ሽማግሌ ነው እንጂ የሚገርመው» አሉ። ከዚያ ደግሞ «አሁን ምን እያደረገ ነው?»

«የመንግሥቱን ሒሳብ እየመረመረ።»

«ተባረክ!» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ለእኔ ሳይሆን ለስልኩ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ በኋላ ለብቻ ማየት ቀረ። ጃፓንኛውን እኔም አልሰማም፤ ከሥር ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ ለእማማ በአማርኛ ማውራት ጀመርኩ። ከኋላችን ያለው ወጣትም ወንበሩን ጠጋ አደረገ። የልጁ መንግሥት፣ የኤልፍሪደን፣ ሕዝብ ለምን እንደተራበ ሲጠይቁኝ፣ ጥጥ ዋጋ ሲያወጣ ገበሬው እህሉን ትቶ ጥጥ ዘራ፣ ጥጥ ደግሞ አይበላም አልኳቸው። «እንደኛ ጫት በይኛ!» አሉ ወዲያው። የሐረርጌ ሰው ናቸው። የአባታቸው ቡና ተነቅሎ ጫት ሲተከል በዓይናቸው አይተዋል። ልጁ ንጉሥ፣ ሶማ፣ ገበሬው ጥጡን ቀንሶ ወደ ምግብ እህል እንዲመለስ ሲያደርግ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ግን «እስኪደርስ ምን ይበላሉ?» አሉኝ። ይሄን ጥያቄ በፈረንጆቹ 2021 ተከታታዩ ሲጀምር «ጦርነቱ የታለ? ይሄ ልጅ ስብሰባ ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ በሁለተኛው ክፍል ያቆመው ሕዝብ ሁሉ ሳይጠይቀው ቀርቷል። (ስማችሁን አልጠራም። ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በሌላው አኒሜ፣ የሪሙሩ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይም «ስብሰባ በዛ» ብላችሁ ያለቀሳችሁት እናንተው ናችሁ። አገር በስብሰባ ካልሆነ በምን ይሠራል?)

እስኪደርስ ምን እንደበሉ ታውቃላችሁ። ፖንቾ አለ።

እኔ ስለ ፖንቾ ሳወራ ድምፄ ይለወጣል፤ ወጣቱም ታዘበኝ። ሶማ ያንን የአዋጅ መንገሪያ ትልቅ ክሪስታል አስወጥቶ በመላው አገር ላይ የሚያውጀው አዋጅ፣ በእነዚህ የሌላ ዓለም መንግሥት ታሪኮች ሁሉ ውስጥ ካየሁት ንግግር የሚበልጥብኝ ነው። ተዋጊ ብቻ አይደለም የጠራው። ስጦታ ያለው ሁሉ ይምጣ ነው ያለው፣ ምንም ይሁን ምን፣ እኔ ዋጋ እሰጠዋለሁ። እና ከመጡት መካከል አንዱ ስጦታው መብላት ነው። ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ፣ ሰው ፊት የሚያፍር ሰው፤ ሀብቱን ሁሉ አገር ለአገር እየዞረ የማይታወቅ ምግብ ሲቀምስበት የኖረ። ሰው ይስቅበታል። ሶማ ግን አይስቅም። ረሃብ ባለበት አገር፣ ሌላው «አይበላም» የሚለውን ነገር በልቶ ያየ ሰው ከማዕድን ይበልጣል። ስለዚህ ያው ክሪስታል ፊት ቀርቦ ኦክቶፐሱን እንዴት እንደሚበሉት፣ ያንን ዝልግልግ ፍጡር እንዴት ኑድል እንደሚያደርጉት ለሕዝቡ ያሳያል። እማማ ዝልግልጉ ላይ ፊታቸውን አዞሩ። «ቢርበኝም አልበላው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «ቅቤ ቢገባበት...» አሉ።

ከዚያ የብዕሮቹ ትዕይንት መጣ።

ሶማ አስማቱ ምንድን ነው? ዕቃ ማንቀሳቀስ። ሌላ ጀግና ቢሆን ሰይፍ ያንቀሳቅስበታል። እሱ መጀመሪያ ብዕር ነው ያንቀሳቀሰበት፤ ብዕሮቹ በራሳቸው እየጻፉ ያንን የወረቀት ክምር ይጨርሱለታል። ወጣቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ እዚህ ጋ ሁልጊዜ አባዬ ይመጣብኛል።

አባዬ 31 ዓመት መዝገብ ቤት ነው የሠራው። እዚህ አይደለም፣ ሌላ መሥሪያ ቤት። ስሙን አልጠራም። ልጅ ሆነን «አባታችሁ ምንድን ነው ሥራው?» ስንባል እህቴ «ኃላፊ» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝም። ፋይል የሚያመጣና የሚመልስ ሰው ነው ለማለት አፍር ነበር። የእያንዳንዱን መደርደሪያ መዝገብ በሚያስርበት ሲባጎ ቀለም ይለየው ነበር፤ ሲባጎውን እቤት በቀይ ሻይ፣ በእርድ፣ በቀለም እየነከረ ያዘጋጀው ራሱ ነው። እናቴ ስንት ድስት ተበላሽቶባታል።

አንድ ክረምት መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ቀየረ። ወንበርና ጠረጴዛው መጀመሪያ ገባ፣ ፋይሉ በረንዳ ላይ ተከመረ። ሐምሌ ነው። አባዬ «ነገ ይገባል» ቢሉትም አልሰማም፤ ማታ ዝናቡ ሲጀምር መጥቶ የማድ ቤታችንን ጣሪያ የሸፈንንበትን ላስቲክ ገፎ ወሰደው። አዎ፣ የእኛን። ሦስት ሌሊት እዚያ በረንዳ ላይ ከዘበኛው ጋር አደረ። ማድ ቤታችን ያንን ክረምት ሙሉ ሲያፈስ ከረመ፤ እናቴ ጃንጥላ ይዛ ወጥ ስትሠራ አስታውሳለሁ። እኔ ያኔ ያናደደኝ አባዬ ነበር። «የማንም ሰው ወረቀት ከኛ ይበልጣል እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። «የማንም አይደለም፤ ስም አለው» ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አላለም፤ ጫማውን አውልቆ ውሃውን ደፋ።

ጡረታ ሲወጣ ማንም «ሲባጎው ምን ማለት ነው?» ብሎ አልጠየቀውም። ማንም! ሁለት ወር ያህል ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ነበር የሚቀመጠው፤ ይደውላሉ ብሎ። በደብተር ጽፎም አዘጋጅቶላቸው ነበር። ደብተሩ አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ እኔ የሱን ፋይል ፍለጋ አራተኛ ሳምንቴ ነው።

ይቅርታ። ስለ አኒሜ ልጽፍ ነበር የጀመርኩት።

ለማለት የፈለግኩት፣ ሶማን እወደዋለሁ ግን ዛሬ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ልጁ መልሱን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። ማክያቬሊን አንብቧል፣ ኢኮኖሚ ያውቃል። በታሪኩ ያለችው አይሻ የደን ልጅ ናት፣ ወገኖቿ እዚያ ጫካ ውስጥ ዘመናቸውን ሁሉ የኖሩ ናቸው፤ ዛፉ ሲበዛ ማሳሳት እንደሚያስፈልግ የሚነግራት ግን ትናንት ከሌላ ዓለም የመጣ ተማሪ ነው። በኋላ የመሬት ናዳ ሲመጣ ልክ የነበረው እሱ ይሆናል። ታሪኩ እንደዚያ ተጽፏል፣ ይሁን። እኔ ግን ጫካ ውስጥ ያደጉ አንዲት ሽማግሌ ቀድመው ነግረው የሚያዳምጣቸው አጥተው ቢሆንስ እያልኩ ነው የማየው። ፖንቾን የሚያስወድደኝም ይሄው ነው። እሱ ላይ መልሱ ከሌላ ዓለም አልመጣም። እዚያው አገር ውስጥ ነበር፣ የሚጠራው ሰው ነው የጠፋው።

ለዚህ ነው ሰው «ምን ልይ?» ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር ዮኮ የምለው። «አሥራ ሁለቱ መንግሥታት»፣ 2002፣ 45 ክፍል፣ ስዕሉ አሮጌ ነው፣ ታገሡት። ዮኮ ናካጂማ የጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፣ የኬይ መንግሥት ንግሥት ነሽ ተብላ ተወሰደች፣ እና ምንም አታውቅም። የአገሩን ጽሕፈት እንኳን ማንበብ አትችልም። ሹማምንቱ በፊቷ በረጅሙ ይተነፍሳሉ፤ ደግሞ ሴት መጣችብን ዓይነት። ይህ ዓለም ደግሞ አይምርም። ንጉሥ የሚመርጠው ኪሪን የሚባል ፍጡር ነው፤ ንጉሡ መንገድ ሲስት የሚታመመው ኪሪኑ ነው፤ ኪሪኑ ከሞተ ንጉሡም ብዙ አይቆይም። ዮኮ ታዲያ ምን አደረገች? አላውቅም ብላ ከቤተ መንግሥት ወጣች። ገጠር ገብታ ኤንሆ ከሚባሉ ሽማግሌ መምህር ቤት እንደማንም ሰው ተቀመጠች። በስሟ ሕዝቡ ላይ የሚሠራውን ግፍ እዚያው ሕዝቡ መሀል ሆና አየች፣ ከዐመፀኞቹም ጋር ሰይፍ አንሥታ ተሰለፈች።

እና ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጀመሪያ አዋጇ ስለ ግብር አይደለም፣ ስለ ጦርም አይደለም። ሰው በሰው ፊት መሬት ላይ ተደፍቶ መስገዱ ይቅር ነው ያለችው። ቀና ብላችሁ ፊቴን እዩ። ሹማምንቱ ይደነግጣሉ። የመጀመሪያ ጊዜ ሳየው «ይሄ ብቻ?» ብዬ ነበር። ስንት ችግር እያለ።

ወደ 9 ሰዓት ገደማ እማማ ተጠሩ።

ያቺ መስኮት መስታወቷ ሙሉውን የተደፈነ ነው፤ ሰው የሚናገርባት ግማሽ ክብ ቀዳዳ ከታች ወገብ ላይ ናት። ያንን ቀዳዳ የቆረጠው ሰው ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ ውስጥ ያለው ሰው ስለሚቀመጥ ለእሱ ልክ ነው። ውጭ ያለው ግን ካልታጠፈ አይሰማም። እማማ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ፣ አንዱን ግድግዳው ላይ አድርገው ታጠፉ። «እ? አልሰማሁም ልጄ» ይላሉ፣ ደግሞ ይበልጥ ይታጠፋሉ። ሰባት ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆዩ። ሄጄ ክርናቸውን ያዝኩላቸው። አራት ሳምንት ሙሉ እኔም እዚያች ቀዳዳ ፊት ስታጠፍ ነው የከረምኩት፤ ለካ አላየሁትም።

የመስኮቷ ሰዎች፣ ፋይሉን ቀስ ብላችሁ ፈልጉት፣ እመላለሳለሁ። የአባዬን ደብተርም ላመጣላችሁ እችላለሁ። ያቺን ቀዳዳ ግን እባካችሁ ከፍ አድርጓት። ሰፈራችን መስታወት የሚሠራ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው። ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ።