የአውታር ውጥረት

ክራር ከመመታቱ በፊት ይቃኛል። መቃኘት ማለት የየአውታሩን ውጥረት መጥኖ ድምፆቹን ማስማማት ነው። እኔ ይህን ሥራ በሚገባ የተገነዘብሁት ካርቱም በኖርሁበት ዘመን፣ ክራርና የሱዳኖች ጠንቡር በአንድነት ሲመቱ በመስማት ነው። ሁለቱ መሣሪያዎች ዘመዳሞች ናቸው፤ የሁለቱም ሕዝቦች ዜማ በአብዛኛው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ነው።

አውታር ሲጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲላላ ይወፍራል። ይሁን እንጂ ሁለቱ በእኩል መጠን አይጨምሩም። ፈረንሳዊው ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የርግብግቢቱ ብዛት የሚያድገው በውጥረቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። በሴኮንድ 220 ጊዜ የሚርገበገበውን አውታር 440 ጊዜ እንዲርገበገብ ለማድረግ ውጥረቱን አራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ከዚያ ሳይደርስ ግን አውታሩ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ብልህ ሠሪ ለቀጭን ድምፅ ቀጭን አውታር ይመርጣል።

ሁለት አውታሮች ተቀራርበው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ሌላ ነገር ይሰማል። አንዱ በሴኮንድ 220፣ ሌላው 223 ጊዜ ቢርገበገብ፣ የጋራ ድምፃቸው በየሴኮንዱ ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይመታል። የምቱ ቁጥር የሁለቱ ልዩነት ነው። ልዩነቱን ለማጥፋት የአንዱን ውጥረት ከመቶ ሦስት ያህል መለወጥ ይበቃል። ቃኚው በዝግታ ሲያስተካክል ምቱ እየዘገየ ሄዶ በመጨረሻ ድምፁ ይረጋል።

የካርቱም የግንቦት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ በጥላ ሥር የተቃኘ የብረት አውታር ፀሐይ ሲነካው ይረዝማል፤ ውጥረቱም ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ ቃኚዎቹ ደጋግመው ይቃኙ ነበር።

ምቱ ልዩነት መኖሩን ይናገራል እንጂ የትኛው አውታር ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ አይናገርም። ይህን ለማወቅ አንዱን ጥቂት ወጠር አድርጎ ማድመጥ ይገባል፤ ምቱ ከፈጠነ መመለስ፣ ከዘገየ መቀጠል ነው። ክራር መቺውና ጠንቡር መቺው «ስሕተቱ የማን ነው?» ብለው ሲከራከሩ አልሰማሁም፤ አንዱ ጥቂት ሲያላላ ሌላው ጥቂት ያጠብቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2023 በተነሣው ጦርነት ብዙ የካርቱም ነዋሪዎች ተሰደዱ፤ ወደ አገራችን የገቡም አሉ። ትናንት በከተማቸው ያስተናገዱንን ሰዎች ዛሬ እኛ ስናስተናግድ፣ እንደ እነዚያ ሙዚቀኞች አስቀድመን ልናደምጣቸው ይገባል።